መሮና ብሩሽ፦ በ«ላንቲንግ መቅድም» ላይ የተነሣው ክርክር ከመጻፊያ መሣሪያ አንጻር

በቻይና የቁም ጽሕፈት ታሪክ የዋንግ ሺዢን «የላንቲንግ መቅድም» ያህል በተደጋጋሚ የተቀዳ ሥራ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ353 እንደተጻፈ የሚነገርለት ይህ ባለ 28 መስመርና ባለ 324 ፊደላት ረቂቅ ዋናው ቅጂ ዛሬ የለም፤ ከታንግ ንጉሠ ነገሥት ከታይዞንግ ጋር እንደተቀበረ በትውፊት ይነገራል። ተማሪዎች የሚለማመዱት ከኋለኛ ቅጂዎች ሲሆን፣ ከእነዚህም እጅግ የታወቀው በፌንግ ቼንግሱ ስም የሚጠራውና በቤጂንግ የቤተ መንግሥት ሙዚየም የሚገኘው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 ጉዎ ሞሩዎ የሥራውን ትክክለኛነት አጠያየቀ። መነሻው በናንጂንግ አካባቢ የተገኙ የመቃብር ጽሑፎች ነበሩ፤ አንዱ የዋንግ ሺዢ የአጎት ልጅ የዋንግ ሺንግዢ ነው። በእነዚህ ድንጋዮች ላይ ያሉት ፊደላት ማዕዘናቸው የጎላ፣ ለጥንታዊው ሊሹ አጣጣል የቀረቡ ናቸው። ስለዚህ በዘመኑ እንደ ቅጂው ለስላሳና ቀጣይ የሆነ አጣጣል ሊኖር አይችልም ሲል ደመደመ። ጋዎ አርሺ ይህን ተቃወመ።

ይህ መደምደሚያ የመሣሪያውንና የጽሑፉን ዓይነት ልዩነት በበቂ አላጤነም። ከእንስሳ ጠጉር የተሠራ ብሩሽ ሲጫኑት ይሰፋል፤ ሲያነሡት ይቀጥናል፤ የእጅ ፍጥነትና የቀለም መጠንም በወረቀቱ ላይ ይታያሉ። መሮ ግን መስመሩን ከሁለት ጎን እየቆረጠ ስለሚቀርጽ ይህን ለውጥ ያደበዝዛል። ከዚህም በላይ የመቃብር ድንጋይ ለክብር የሚቀረጽ ሲሆን፣ «መቅድሙ» ስርዝና ድልዝ ያለበት ረቂቅ ነው።

ስለሆነም ተገቢው ማነጻጸሪያ በዘመኑ በወረቀት ላይ የተጻፈ ሰነድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 የጃፓን ተጓዦች በሎውላን አካባቢ ያገኙት፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የተጻፈው የባለሥልጣኑ የሊ ባይ ደብዳቤ ረቂቅ ለዚህ ያገለግላል። በውስጡ የሊሹ ርዝራዥ ቢታይም፣ አጻጻፉ በመሠረቱ ሺንግሹ የሚባለው ፈጣን አጣጣል ነው። ስለዚህ ድንጋዩ ስለ ወረቀቱ ሙሉ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ይሁንና ይህ ማስረጃ የሚያረጋግጠው የአጣጣሉን መኖር እንጂ የጸሐፊውን ማንነት አይደለም። የጽሑፉ የመጨረሻ ክፍል ኋላ ተጨምሯል የሚለው የጉዎ ሁለተኛ ጥያቄም በአጣጣል ጥናት ብቻ አይፈታም፤ የምንባብ ምርመራ ይሻል። የቅጂዎችን የብሩሽ ምት የሚያጠና ተመራማሪም የሚያየው የዋንግ ሺዢን እጅ ብቻ ሳይሆን የገልባጩንም እጅ መሆኑን ሊያስተውል ይገባል።