በቃ ማለት ሲቻል

(ሺሺንዳ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስና ካገባች ዓመት ያልሞላት ወጣት። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል፤ ከሁለቱ ሌላ ሰው የለም።)

ወጣቷ፦ እማማ፣ ባሌን እወደዋለሁ። ሲነካኝ ግን ሰውነቴ ይደርቃል። ከተደፈርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ሳገባ ይለቀኛል ብዬ ነበር።

እማማ፦ ትዳር መድኃኒት ነው ያለሽ ማነው? ድሮ ሕጉም እንዲያ ያስብ ነበር። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ያገባ እንደሆነ ከቅጣት ይድን ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያንን አስቀረ። «አግብታ ትረሳዋለች» የሚለው ወሬ ግን ገና በየቤቱ አለ።

ወጣቷ፦ ያን ጊዜ አልጮህኩም፤ አልታገልኩትም። ምናልባት ጥፋቱ የኔ...

እማማ፦ ተይ! ድንጋጤ ሲበረታ እግር አይታዘዝም፣ ድምፅ አይወጣም። ፈቅደሽ ዝም አላልሽም። አሁንም የሚደርቀው ያው ሰውነት ነው፤ ሊጠብቅሽ ነው የሚሞክረው።

ወጣቷ፦ የጀንፈል ቡና ሽታ ሲመጣማ ይብስብኛል። መጋዘን ውስጥ ነበር። ባሌ ደግሞ ቡና ሲጭን ውሎ ነው የሚገባው።

እማማ፦ ያውቃል?

ወጣቷ፦ መደፈሬን እንጂ ስለ ሽታው አልነገርኩትም።

እማማ፦ ንገሪው። ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ ይቅረብሽ። መብራቱ ይብራ፤ ፊቱን እያየሽ በስሙ ጥሪው። ያኛው ሰው አለመሆኑን ዓይንሽ ይይልሽ። የሆነውን ሁሉ የመዘርዘር ግዴታ ግን የለብሽም።

ወጣቷ፦ ከዚያስ ጥርሴን ነክሼ ልቻለው?

እማማ፦ የሚያባብሰውማ መቻሉ ነው። እያመመሽ በቻልሽ ቁጥር ሰውነትሽ መነካት ማለት ሕመም ነው ብሎ ይማራል። ማስተርስና ጆንሰን የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳወቁት ዘዴ አለ፤ ባለሙያዎች ዛሬም ይሠሩበታል። ባልና ሚስት ተስማምተው ግንኙነቱን ለጊዜው ጭራሽ ይተዉታል። መጀመሪያ እጅ፣ ቆይቶ ትከሻ፣ ቆይቶ ጀርባ፤ ተራ በተራ፣ ሳይጣደፉ። አንቺ «በቃ» ስትዪ እጁ ይነሳል። ለምን አይልም፣ አያኮርፍም።

ወጣቷ፦ ካኮረፈስ?

እማማ፦ እምቢታሽ ኩርፊያ የሚያስከትልብሽ ከሆነ እሺታሽ ግብር ነው፤ ፈቃድ አይደለም። «በቃ» ብለሽ ሰላም ስታድሪ፣ ይኸው ሲደጋገም፣ ሰውነትሽ ማመን ይጀምራል። እሱም ቢከፋው ይንገርሽ፤ መከፋት ያለ ነው። መከፋቱን ግን አንቺ በገላሽ አትክሺውም።

ወጣቷ፦ ሕመሙስ?

እማማ፦ ጡንቻ በፍርሃት ሳታዢው ይኮማተራል፤ ቁስል ወይም ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል። ቦንጋ፣ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ሄደሽ ተመርመሪ። እዚያም «ሴት ባለሙያ ትየኝ፣ ቀስ በሉ፣ ይብቃኝ» ማለት መብትሽ ነው። ቅዠቱ እንቅልፍ ከነሳሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቂ። ጸሎትሽንም አትተዪ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ወጣቷ፦ መቼ ነው የሚሻለኝ?

እማማ፦ ቀን አልቆርጥልሽም። ደህና ሳምንት አልፎ ክፉ ሌሊት ቢመጣ ከንቱ ቀረሁ አትበዪ። መሻልሽንም በግንኙነቱ አትለኪው፤ ሳትፈሪ «ዛሬ አይሆንልኝም» ማለት በመቻልሽ ለኪው።

ወጣቷ፦ እና ዛሬ ማታ ምን ልበለው?

እማማ፦ ያንን የጀንፈሉንና አንድ ሌላ ነገር፤ «በቃ ስል እጅህን አንሳ» በዪው። እሺ ካለ ነገ ሁለታችሁም ኑ፣ የቀረውን አብረን እንነጋገራለን። ከተቆጣ ግን ነገን አትጠብቂ፤ በሬ ክፍት ነው፣ ማታውኑ ነይ።