ጥርስ ከመነቀሉ በፊት፦ መከላከያ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው የልብ ሕሙማን እነማን ናቸው?

ጥርስ ሲነቀል ወይም ድድን የሚያደማ ሕክምና ሲደረግ በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ደም ይገባሉ። ጤነኛ ሰውነት አብዛኛውን ጊዜ ወዲያውኑ ያጠፋቸዋል። የልብ ቫልቭ፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርገው የልብ በር፣ ሲጎዳ ወይም በሰው ሠራሽ ሲተካ ግን ባክቴሪያዎቹ በዚያ ተጣብቀው ሊራቡ ይችላሉ። ኢንዶካርዳይተስ የሚባለው ይህ ሕመም እምብዛም ባይከሰትም ቫልቭን የሚያበላሽና ለሞት የሚያደርስ ነው።

ቀደም ሲል መከላከያ አንቲባዮቲክ ለበርካታ የልብ ሕሙማን ይታዘዝ ነበር። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህን አጠበበው። ምክንያቱም ጥርስ መቦረሽና ማኘክም ባክቴሪያን በየዕለቱ ወደ ደም ያስገባሉ፤ መድኃኒቱ ያለ በቂ ምክንያት ሲወሰድ ደግሞ የጎንዮሽ ጉዳት ያስከትላል፣ ባክቴሪያዎችም እንዲለምዱት ያደርጋል።

በመመሪያው መሠረት መከላከያው የሚሰጠው ለሚከተሉት ሕሙማን ነው፦

• ሰው ሠራሽ ቫልቭ ለተገጠመላቸው፤
• ከዚህ በፊት ኢንዶካርዳይተስ ለያዛቸው፤
• አንዳንድ ከባድ የልብ ጉድለቶች ይዘው ለተወለዱ፤
• ልብ ተተክቶላቸው ቫልቩ ለታወከባቸው።

ለአዋቂዎች የተለመደው መጠን ከሕክምናው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት በአንድ ጊዜ የሚዋጥ 2 ግራም አሞክሲሲሊን ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማቸው ሌላ መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል፤ ክሊንዳማይሲን ግን ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በማኅበሩ አይመከርም።

በኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃው፣ በጉሮሮ ሕመም የሚጀምረው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ቫልቭ እስካልተተካ ድረስ ይህ ሕመም ብቻውን በአሜሪካው ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ የአውስትራሊያ መመሪያ ግን ያካትተዋል። ስለዚህ ውሳኔው የልብ ሐኪም ነው። በየወሩ የሚወሰደው የፔኒሲሊን መርፌም የሩማቲክ ትኩሳት እንዳይመለስ የሚከላከል እንጂ የጥርስ ሕክምናውን መከላከያ የሚተካ አይደለም። መርፌውን የሚወስድ ሰው ይህንኑ ለጥርስ ሐኪሙ ሊናገር ይገባል፤ የአፉ ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊንን ለምደው ከሆነ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ሊያስፈልገው ይችላልና።

በአገር ቤት የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በውጭ የሚኖር ሰው የሕክምና ማስረጃውን ለጥርስ ሐኪሙ ማሳየት አለበት። ከጥርስ ሕክምና በኋላ ባሉት ሳምንታት ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ድካም ከተሰማው፣ አንቲባዮቲክ በራሱ ከመጀመሩ በፊት ደሙን ማስመርመር ይኖርበታል፤ ቀድሞ የተዋጠ መድኃኒት ባክቴሪያውን ከምርመራ ሊሰውረው ይችላልና። ከሁሉም በላይ ልብን በየዕለቱ የሚጠብቀው ንጹሕ ጥርስና ጤነኛ ድድ ነው።