የሠርጉ ዲቪዲ ለምን ተንተባተበ?

ከለገዳዲ ግድብ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ብዙ መንደሮች አሉ። ከእነዚህ መንደሮች ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ብትገቡ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ወይም ሳጥን ውስጥ የሠርግ ዲቪዲ ልታገኙ ትችላላችሁ። ዛሬ ሠርግ የሚቀርጹ ልጆች ሥራቸውን በፍላሽ ማስረከብ ከጀመሩ ቆይተዋል። ከዚያ በፊት የተዳረ ሰው ግን ትዝታው ያለው በዚያች ክብ፣ አብረቅራቂ ሳህን ላይ ነው።

እስቲ ለምሳሌ አንዲት እናት እንውሰድ። ወንድ ልጃቸው ሲዳር አባትየው መረቁ። ምርቃቱም በቪዲዮ ተቀረጸ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አባትየው ሞቱ። ድምፃቸው ሌላ ቦታ አልቀረም። እናትየው ለበዓል ልጆች ሲሰበሰቡ ዲቪዲውን ያስከፍታሉ። ዘፈኑ ያልፋል፤ ጭፈራው ያልፋል፤ ሽማግሌዎቹ ይነሣሉ። አባትየው እጃቸውን ዘርግተው «ልጆቼ» ሲሉ ሥዕሉ ቀጥ ይላል። ከዚያ ይቆራረጣል፤ ድምፁም ይንተባተባል። ትንሽ ቆይቶ ማጫወቻው ጭራሽ ይቆማል።

ይኸው ዲቪዲ ለገጣፎ ባለው በልጃቸው ቤት ሲከፈት ግን እስከ መጨረሻው ይሄዳል። እናትየው «የእኔ ቤት ምን አለበት?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ጎረቤትም ነገሩን ወደ ሌላ ያዞረዋል። «የሞተ ሰው ድምፅ አይሰማ ብሎ ነው» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ምክንያቱ ሳህኑ ላይና ማጫወቻው ውስጥ ነው ያለው።

ለመሆኑ ዲቪዲ ምንድን ነው? ዲቪዲ ስፋቱ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ሳህን ነው። ታላቅ ወንድሙ ሲዲ ለገበያ የቀረበው በ1975 ዓ.ም. ነው። ዲቪዲ ደግሞ በ1989 ዓ.ም. በጃፓን አገር ወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው መልካቸው አንድ ነው። ዲቪዲው ግን ከሲዲው ከስድስት እጥፍ በላይ ይይዛል።

በሳህኑ ላይ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ እንደ እኛ ፊደል አይደለም፤ በዓይን የማይታይ ነጠብጣብ ነው። ነጠብጣቡ የተደረደረው በትልም ላይ ነው። ትልሙ ከመሐል ይጀምርና እየዞረ እየዞረ ወደ ዳር ይወጣል። አንዱ ዙር ከሌላው እጅግ የተጠጋ ነው። በአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ላይ መቶ ያህል ትልም ይሰለፋል። ማጫወቻው ውስጥ ሌዘር የሚባል ቀጭን ቀይ ብርሃን አለ። ይህ ብርሃን ትልሙን እየተከተለ ነጠብጣቡን ያነባል። የሚያነበውም ሳህኑ ብርሃኑን መልሶ ሲያንጸባርቅ ነው። ሳህኑ ብርሃኑን በደንብ ካልመለሰ፣ ማጫወቻው በምሽት ያለ ኩራዝ እንደሚያነብ ሰው ይደናገራል።

ፊልም ሠሪዎች በብዛት የሚያወጡት ዲቪዲ በፋብሪካ የታተመ ነው። ማኅተም ሰም ላይ እንደሚመታ ሁሉ፣ ነጠብጣቡ ፕላስቲኩ ላይ ይመታል። ሠርግ ቀራጩ የሚያስረክበን ግን ሌላ ዓይነት ነው። እሱ የሚገዛው ባዶ ሳህን ውስጡ ቀለም የተቀባ ነው። የኮምፒዩተሩ ሌዘር ያንን ቀለም በሙቀት ይለውጠዋል። «በርን ማድረግ» ማለትም ማቃጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ልዩነቱ የታተመ መጽሐፍና በእርሳስ የተጻፈ ደብተር እንደ ማለት ነው። ሁለቱም ይነበባሉ። ዓይኑ የደከመ ሰው ግን በእርሳስ የተጻፈውን ለማንበብ ይቸገራል።

ማጫወቻም ዓይን አለው። ዓይኑ እያደር ይደክማል፤ አቧራና የምድጃ ጭስም ይጋርደዋል። ለገጣፎ ያለው የልጅየው ማጫወቻ አዲስ ነው። የእናትየው ግን ምድጃ አጠገብ ብዙ ዓመት የቆየ ነው። ስለዚህ ሠርግ ቀራጩ በራሱ ኮምፒዩተር ከፍቶ «ይኸው ይሠራል» ቢላችሁ ውሸቱን አይደለም። ለእሱ ይሠራል። ዲቪዲ ተጻፈ ማለት ግን በየቤቱ ይነበባል ማለት አይደለም። መሠራት ያለበት ዓይኑ ለደከመው ማጫወቻ ነው።

ታዲያ እንዴት ይሠራ? በመጀመሪያ ባዶውን ሳህን እንመልከት። ላዩ ላይ የፈረንጅ ፊደል ተጽፏል። ፊደሉን ለማንበብ አትድከሙ፤ የምትፈልጉት አንድ ምልክት ነው። ሒሳብ ስንማር የመደመርና የመቀነስ ምልክት ለይተናል። እዚህም እሱው ነው። በአንዳንዱ ሳህን ላይ «ዲቪዲ» ከሚለውና «አር» ከሚለው ፊደል መሐል እንደ መቀነስ ያለ አጭር ሰረዝ አለ። በሌላው ላይ የመደመር ምልክት አለ። ቀድሞ የወጣው ባለ ሰረዙ ነው። ባለ መደመሩ በገበያ ላይ የተከተለው በ1994 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚህ የተነሣ የቆዩ ማጫወቻዎች ይበልጥ የሚቀበሉት ባለ ሰረዙን ነው። ማጫወቻችሁ አሮጌ ከሆነ «ባለ ሰረዙን አድርግልኝ» በሉ።

ሦስተኛም ዓይነት አለ። «አር» ከሚለው ፊደል በኋላ ሌላ ፊደል ይጨመርበታል፤ ይህ ተጽፎ የሚሰረዝ፣ ተሰርዞም እንደገና የሚጻፍ ሳህን ነው። ደጋግሞ ስለሚያገለግል ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ብርሃን በደንብ አይመልስም። በፋብሪካ የታተመ ሳህን ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 45 እስከ 85 እጅ ይመልሳል። የሚሰረዘው ግን ከመቶ 18 እስከ 30 እጅ ብቻ ነው። ለቀበሌ ስብሰባ ቅጂ ይሁን፤ ለሠርግ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር ፍጥነት ነው። አንድ ሙሉ ዲቪዲ በ16 እጥፍ ፍጥነት ሲጻፍ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ይፈጃል። በ4 እጥፍ ሲጻፍ ወደ 15 ደቂቃ ይወስዳል። ሌዘሩ ሲሮጥ፣ በተለይ ሳህኑ ርካሽ ከሆነ፣ ነጠብጣቡ ድንበሩን ይስታል። እንደ ቸኮለ ጸሐፊ የእጅ ጽሑፍ ይሆናል። ጥሩ ዓይን ያለው ማጫወቻ ገምቶ ያነበዋል፤ የደከመው ግን ይተወዋል። ደጃፉ ላይ ብዙ ደንበኛ የቆመበት ልጅ ቢቸኩል አይገርምም። እኔ ግን ለዕድሜ ልክ ዕቃ አሥር ደቂቃ መቆጠብ ምን እንደሚጠቅም አይገባኝም። በ4 ወይም በ8 እጥፍ ይጻፍ፤ እኛም ሻይ ጠጥተን እንመለስ።

ሦስተኛው ነገር ለእናትየው ዋናው ነው። ሠርግ ረጅም ነው። ሙሽራ ከሚወጣበት እስከ መልሱ አራትና አምስት ሰዓት ይቀረጻል። አንድ ተራ ዲቪዲ ግን ጥራቱ ሳይጎድል የሚይዘው ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ሁሉንም በአንድ ሳህን ላይ ለማጨቅ ሲባል ሥዕሉ ይጨመቃል፤ ፊት ሁሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆናል። በዚያ ላይ ሳህኑ እስከ ዳሩ ይሞላል። ዳሩ ደግሞ ደካማው ክፍል ነው። ቀለሙ በእኩል የማይቀባው፣ ጣት የሚነካው፣ ሳህኑ ትንሽ ከጎበጠም ይበልጥ የሚርገበገበው ዳር ዳሩ ነው። ትልሙ ከመሐል ወደ ዳር ይሄዳል ብለናል። እንግዲህ በስተ መጨረሻ የተቀረጸው ምርቃት የት ላይ እንዳረፈ አስቡ። ዳር ላይ ነው! የእናትየው ማጫወቻ ዘፈኑን አንብቦ አባትየው ላይ ሲደርስ የደከመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት ድርብ የሆነና ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ የሚይዝ ሳህን መኖሩ እውነት ነው። እሱም ለአሮጌ ማጫወቻ አይመችም፤ ከአንዱ ድርብ ወደ ሌላው ሲሻገር ይደናቀፋል። የሚሻለው ሠርጉን በሁለት ወይም በሦስት ተራ ሳህን መክፈል ነው። ሳህኑንም እስከ ዳር አለመሙላት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ አጻጻፉ ዓይነት ጥቂት እንበል። ቪዲዮው በኮምፒዩተር ውስጥ እንደተቀመጠ፣ በፋይልነቱ እንዳለ ሳህኑ ላይ ሊገለበጥ ይችላል። አዳዲስ ማጫወቻዎች ይህን ይከፍታሉ። የቆዩት ግን የሚያውቁት የዲቪዲ ቪዲዮ የሚባለውን ሥርዓት ብቻ ነው። ደብዳቤ አድራሻ ከሌለው ፖስተኛው እንደማያደርሰው ሁሉ፣ ይህ ሥርዓት ከሌለ አሮጌው ማጫወቻ ሳህኑን «ባዶ ነው» ይላል። ስለዚህ «ፋይል አታድርግብኝ፤ ለማጫወቻ የሚሆን ዲቪዲ ቪዲዮ አድርግልኝ» በሉት። ጽፎ ሲጨርስም መዝጋት አለበት። ባለሙያዎቹ «ፋይናላይዝ» ይሉታል። ያልተዘጋ ሳህን የጻፈው ኮምፒዩተር ያነበው ይሆናል፤ የቤት ማጫወቻ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያነበውም።

ዘመድ አሜሪካ ያለው ሰው ሌላ ጣጣ አለበት። በእኛ አገር ለቴሌቪዥን የተለመደው ሥርዓት ፓል ይባላል፤ በሴኮንድ 25 ሥዕል ያሳያል። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ይባላል፤ 30 ያህል ያሳያል። ከዚያ የመጣ የሠርግ ዲቪዲ በእኛ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ ይታያል። ከዚህ የሄደው ግን እዚያ ብዙ ጊዜ እንቢ ይላል። ወደዚያ የሚላከው ቅጂ ለብቻው በእነሱ ሥርዓት ይሠራ። በሱቅ የሚሸጡ ፊልሞች ላይ ያለው የክፍለ ዓለም ቁልፍ፣ የእኛው 5 የአሜሪካው 1 የሚባለው፣ ቤት የተሠራ ሳህን ላይ ስለሌለ አያሳስብም።

መብራትም አንድ ነገር ነው። ሳህኑ እየተጻፈ መብራት ቢሄድ ሳህኑ ይበላሻል። በመሐል ተቋርጦ የተቀጠለ ሳህን አትቀበሉ። ባትሪ ባለው ላፕቶፕ ቢሠራ ይሻላል።

ሳህኑ ላይ ስም መጻፍ ደግ ነው። በእስክሪብቶ ግን አይጻፍ፤ ጫፉ ሳህኑን ይጫነዋል። ለስላሳ ጫፍ ባለው ማርከር መሐል ቀዳዳው ዙሪያ ይጻፍ። የሙሽሮቹ ፎቶ ያለበት የወረቀት ልጣፍም ያምራል እንጂ አይጠቅምም። ሳህኑ ማጫወቻ ውስጥ በደቂቃ ከ570 እስከ 1400 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ልጣፉ ወደ አንድ ወገን ካደላ ሳህኑ ሚዛኑን እንደ ሳተ ወፍጮ ይንቀጠቀጣል።

ሲቆሽሽ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ። ዙሪያውን አትሹት። ዙሪያውን የተፈጠረ ጭረት ትልሙን ተከትሎ ብዙ ጽሑፍ ያጠፋል፤ ከመሐል ወደ ዳር የሄደ ጭረት ግን ትልሙን አቋርጦ ብቻ ያልፋል። ቤንዚንና ላምባ አታስነኩት። ፀሐይም ቀለሙን ያደበዝዛል፤ መስኮት ላይ አይቀመጥ።

ወደ እናትየው እንመለስ። ዲቪዲያቸው አልሞተም። አንድ ማጫወቻ እስካነበበው ድረስ ማዳን ይቻላል። ነገር ግን መቆየት አያስፈልግም። ቀለሙ በየዓመቱ ይደክማል። በዛሬ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ላይ ደግሞ የሳህን መክተቻ የለም፤ ያለበትን ፈልጎ ማግኘት እያደር እየከበደ ነው። ልጃቸው ሳህኑን አውጥቶ ጠረገው። መክተቻ ወዳለው ኮምፒዩተር ወስዶ ሁሉንም አስገለበጠ። ቀራጩ ልጅ እንደገና በአንድ ሳህን ሊያደርገው ሲል እናትየው ከለከሉት።

«የለም ልጄ፣ በሁለት አድርገው» አሉት። «ምርቃቱን ሁለተኛው ላይ፣ ከመጀመሪያው አስገባልኝ።»

«ምርቃቱ እኮ መጨረሻ ነው እማማ፤ ቅደም ተከተሉ ይበላሻል።»

«ይበላሽ። ከመሐል ነው የሚጀምረው አይደል የምትሉት? መሐሉ ላይ ይሁንልኝ።»

በ4 እጥፍ ተጻፈ፤ ተዘጋ። ሒሳቡ ከመከፈሉ በፊት ሁለቱም ሳህኖች በሦስት ቤት ተሞከሩ፦ በልጁ ቤት፣ በጎረቤት ቤት፣ በመጨረሻም ምድጃው አጠገብ ባለው በእናትየው አሮጌ ማጫወቻ። የተሞከሩትም መጀመሪያቸው ብቻ ታይቶ አይደለም፤ መሐላቸውና መጨረሻቸው ጭምር ነው። አባትየው እጃቸውን ዘርግተው «ልጆቼ» አሉ፤ ቀጠሉም።

አሮጌው ሳህን አልተጣለም፤ ተጠርጎ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ተቀምጧል። የተገለበጠበትን ፍላሽ ግን እናትየው ለሴት ልጃቸው ሰጧት፤ ሁሉም በአንድ ቤት እንዳይሆን።