አንድ ሥዕል በሁለት ቀለም፦ የጠፍጣፋ ሞኒተሮች የእይታ ማዕዘን

ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠ ሰው የሚያየው ፎቶግራፍና ከበስተኋላው የቆመው ጓደኛው የሚያየው ፎቶግራፍ አንድ ነው ብለን እንገምታለን። በብዙ ጠፍጣፋ ሞኒተሮች ላይ ግን ይህ ግምት አይሠራም። ለተቀመጠው ሰው ጥርት ብሎ የሚታየው ጠይም ፊት ለቆመው ሰው የገረጣና አመድ የመሰለ ይሆንበታል፤ ጎንበስ ብሎ ከታች ወደ ላይ ለሚመለከት ደግሞ የጠቆረ፣ አንዳንድ ጊዜም እንደ ፎቶግራፍ ኔጌቲቭ ብርሃኑና ጥላው የተገላበጠ ሆኖ ይታያል። ፋይሉ አንድ ነው፤ ሞኒተሩም አንድ ነው። ታዲያ ልዩነቱን የሚፈጥረው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ብርሃኑ በማሳያው ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

ብርሃኑ የሚያልፍበት በር

የእነዚህ ማሳያዎች ዋና አካል ፈሳሽ ክሪስታል ነው። ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሪድሪክ ራይኒትሰር እ.ኤ.አ. በ1888 ከኮሌስትሮል የተገኘ ውህድ ሲያሞቅ ውህዱ ሁለት ጊዜ የሚቀልጥ መስሎ ታየው። በ145.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ ደፈረሰ ፈሳሽ ተለወጠ፤ በ178.5 ዲግሪ ደግሞ ፈሳሹ ጠራ። በሁለቱ ሙቀቶች መካከል ያለው ቁስ እንደ ፈሳሽ ይፈስሳል፤ ሞለኪዩሎቹ ግን እንደ ክሪስታል ሥርዓት ይዘው ይደረደራሉ። ይህ ጠባይ ለማሳያ ሥራ የዋለው ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ማርቲን ሻት እና ቮልፍጋንግ ሄልፍሪሽ ስዊዘርላንድ ውስጥ የፈለሰፉት «የተጠማዘዘ ኔማቲክ» አሠራር ለርካሽ ሞኒተሮች መሠረት ሆኗል። ገበያው «ቲ ኤን» ብሎ የሚጠራው ይህንኑ ነው።

ከማሳያው ጀርባ የሚመጣው ነጭ ብርሃን በመጀመሪያ ፖላራይዘር በተባለ ስስ ሽፋን ያልፋል። ሽፋኑ በአንድ አቅጣጫ የሚነዝረውን ብርሃን አሳልፎ ሌላውን ያስቀራል። ከፊት በኩል ሁለተኛ ፖላራይዘር አለ፤ አቅጣጫው ከመጀመሪያው ጋር 90 ዲግሪ ስለሚሠራ በመካከላቸው ምንም ባይኖር ኖሮ ብርሃን አያልፍም ነበር። ይሁን እንጂ በመካከል ያሉት እንደ ዘንግ የረዘሙ ሞለኪዩሎች ከአንዱ መስታወት እስከ ሌላው እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ 90 ዲግሪ ዞረው ስለተደረደሩ የብርሃኑን ንዝረት አብረው ያዞሩታል፤ ብርሃኑም ያልፋል። ቮልቴጅ ሲሰጣቸው ሞለኪዩሎቹ ከተኙበት ተነሥተው ቀጥ ይላሉ፤ ጥምዝምዙ ይፈታል፤ ብርሃኑም ይታገዳል። መካከለኛ ቮልቴጅ መካከለኛ ብርሃን፣ ማለትም ግራጫ ይሰጣል። ችግሩ የሚብሰው እዚህ ግራጫ ላይ ነው።

ያዘነበለ ሞለኪዩል

ግራጫ በሚታይበት ጊዜ በመካከል ያሉት ሞለኪዩሎች አልተኙም፤ አልቆሙምም፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን አዘንብለዋል። ነፋስ ወደ አንድ ወገን ያጎነበሰውን የስንዴ ማሳ እናስብ። ስንዴው ባዘነበለበት ወገን የቆመ ሰው በብዛት የሚያየው የዛላውን ጫፍ ሲሆን፣ በጎን የቆመው ግን የአገዳውን ቁመት በሙሉ ያያል። ብርሃንም እንዲሁ ነው። በሞለኪዩሉ ቁመት አቅጣጫ የሚነዝር ብርሃን ከቁመቱ ጋር ቀጤ ነክ ሆኖ ከሚነዝረው ብርሃን ባነሰ ፍጥነት ይጓዛል፤ የንዝረቱ አቅጣጫ የሚለወጠውም በዚህ የፍጥነት ልዩነት ነው። በሞለኪዩሉ ቁመት ላይ በቀጥታ የሚጓዝ ብርሃን ግን ይህ ልዩነት አይደርስበትም።

በተለመደው የቲ ኤን ሞኒተር ከታች ወደ ላይ የሚመለከት ሰው የሞለኪዩሎቹን ጫፍ ያያል፤ ስለዚህ የቆሙ ያህል ይሆኑበትና ግራጫው ይጠቁርበታል። ቮልቴጁ ይበልጥ ሲጨምር ሞለኪዩሎቹ የእርሱን የእይታ መስመር አልፈው ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ብርሃን እንደገና ማለፍ ይጀምራል። በዚህም ምክንያት ይበልጥ ሊጠቁር የሚገባው ክፍል ይበልጥ ይበራል፤ የመገላበጡ ምሥጢር ይኸው ነው። ከላይ ወደ ታች የሚመለከተው ደግሞ ሞለኪዩሎቹን ከጎናቸው ስለሚያይ ብርሃኑ በዝቶ ሥዕሉ ይገረጣበታል።

ቀለም የሚበላሸውም በዚሁ መንገድ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የተባሉ ሦስት ንዑሳን ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዳቸውም ከ0 እስከ 255 በሚደርስ ደረጃ ይታዘዛሉ። የአንድ ጠይም ፊት ቀለም ለምሳሌ ቀይ 140፣ አረንጓዴ 95፣ ሰማያዊ 70 ሊሆን ይችላል። ማዕዘኑ ሲለወጥ ሦስቱ በእኩል መጠን ቢደምቁ ወይም ቢደበዝዙ ኖሮ ፊቱ ብርሃኑ ብቻ በተለወጠ ነበር። ነገር ግን ደረጃቸው የተለያየ ስለሆነ ለውጣቸውም ይለያያል፤ በመካከላቸው ያለው ንጽጽርም ይፈርሳል። ጥቁር ጽሑፍ በነጭ ገጽ ላይ ለሚያነብ ሰው ይህ ብዙ አያስቸግርም። የሰው ፊት ግን፣ በተለይም ጠይምና ጠቆር ያለ ፊት፣ ከጥቁርና ከነጭ ጠርዝ ርቆ በመካከለኛዎቹ ደረጃዎች ላይ ይገኛል። የፎቶግራፍ ባለሙያ በእንዲህ ዓይነት ሞኒተር ላይ የደንበኛውን ፊት «አስተካክሎ» ሲያሳትም፣ ያስተካከለው የወንበሩን ከፍታ ሊሆን ይችላል።

በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር

ገዢው በካርቶኑ ላይ «170/160 ዲግሪ» የሚል ጽሑፍ ሲያገኝ ነገሩ የተፈታ ይመስለዋል። ይህ ቁጥር ግን ስለ ቀለም የሚናገረው ነገር የለም። በተለመደው አለካክ አንድ ማዕዘን «የሚታይ» ተብሎ የሚቆጠረው በነጭና በጥቁር መካከል ያለው የብርሃን ንጽጽር ከ10 ለ 1 እስካላነሰ ድረስ ነው፤ 5 ለ 1 ድረስ ወርደው የሚለኩ አምራቾችም አሉ። ፊት ለፊት 1000 ለ 1 የሆነ ማሳያ በጎን በኩል ከዚህ ንጽጽር 99 በመቶውን ቢያጣም ፈተናውን ያልፋል ማለት ነው። እኔ ይህን ቁጥር ለገዢ የማይጠቅም ነው ብዬ አምናለሁ።

እንዲያውም ሳንንቀሳቀስ እንኳ ማዕዘኑ አንድ አይደለም። ባለ 24 ኢንች ሰፊ ሞኒተር ከፍታው ወደ 30 ሴንቲሜትር ይጠጋል። ዐይናችን ከመካከሉ ትይዩ በ50 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ቢሆን፣ የላይኛውንና የታችኛውን ጠርዝ እያንዳንዱን በ17 ዲግሪ ገደማ ማዕዘን እናያለን። በቲ ኤን ማሳያ ላይ ይህ በቂ ነው፤ ወጥ ግራጫ ቀለም ከላይ ጠቆር፣ ከታች ፈካ ብሎ ይታያል። ሞኒተሩን በጎኑ አቁመው የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማቸዋል። ደካማው አቅጣጫ አግድም ስለሚሆን፣ በ6 ሴንቲሜትር ገደማ የተራራቁት ሁለቱ ዐይኖቻችን አንዱን ነጥብ ወደ 7 ዲግሪ በሚጠጋ የማዕዘን ልዩነት ያያሉ። አንዱን ዐይን ጨፍኖ ሌላውን መክፈት ልዩነቱን ለመረዳት ይበቃል።

መፍትሔው ከወዴት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለት መንገዶች ተከፈቱ። የጃፓኑ ሂታቺ ለገበያ ያበቃው «አይ ፒ ኤስ» የተባለው አሠራር ሞለኪዩሎቹ እንዲነሡ አያደርግም፤ ከመስታወቱ ጋር ትይዩ እንደ ተኙ እንዲዞሩ ያደርጋቸዋል። ማዘንበል ስለሌለ «ከጫፍ» እና «ከጎን» የማየት ልዩነት በእጅጉ ይቀንሳል፤ ቀለሙም ይረጋል። በምትኩ ጥቁር ገጽ ከማዕዘን ሲታይ በመጠኑ ያበራል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ፖላራይዘሮች ራሳቸው ከሰያፍ ሲታዩ ፍጹም ቀጤ ነክ አይደሉም። ፉጂትሱ ያበለጸገው «ቪ ኤ» ደግሞ ጥልቅ ጥቁር ይሰጣል። ሞለኪዩሎቹ በእያንዳንዱ ፒክስል ውስጥ ወደተለያዩ ወገኖች እንዲያዘነብሉ ስለሚደረግ የአንዱ ስሕተት በሌላው ይካሳል፤ ሆኖም ጨለም ያሉ ዝርዝሮች በትንሽ ማዕዘን እንኳ ይለወጣሉ።

የቀለም መለኪያ መሣሪያ ገዝቶ ሞኒተሩን ማረም ጠቃሚ ነው፤ መሣሪያው የሚለካው ግን ከፊት ለፊት ያለውን አንድ ነጥብ ስለሆነ የማዕዘንን ችግር አይነካም። ብዙ የቲ ኤን ማሳያዎች በእያንዳንዱ ቀለም 64 ደረጃ ብቻ ኖሯቸው ቀሪውን በፍጥነት በማፈራረቅ የሚያስመስሉ መሆናቸውም ሌላ ጉድለት ነው።

ነገሩ ከፎቶግራፍ አልፎ ወደ ሕክምና ሲደርስ ይከብዳል። የራጅ ምስል በሙሉ በግራጫ ደረጃዎች የተጻፈ መረጃ ነው። ለዚህም ሲባል «ዳይኮም» የተባለው የሕክምና ምስል ስታንዳርድ በ14ኛ ክፍሉ የግራጫ ደረጃዎች በማሳያ ላይ እንዴት እንደሚታዩ ደንግጓል። ማሳያው ከፊት ለፊት ይህን ደንብ ቢያሟላም፣ ተራ የቲ ኤን ሞኒተርን ከበው ከቆሙ ሦስት ሐኪሞች መካከል ደንቡ የሚሠራው ዐይኑ ትይዩ ለሆነው ብቻ ነው።

ሞኒተር ለመግዛት የሚሄድ ሰው በደረጃ 128 የተሞላ ወጥ ግራጫ ምስልና አንድ የሚያውቀውን ሰው ፎቶግራፍ በፍላሽ ይዞ ይሂድ። ሁለቱንም ማያውን ሞልተው ተቀምጦ፣ ቆሞና ከጎን ይመልከታቸው። የራሳቸው ብርሃን ያላቸው «ኦሌድ» ማሳያዎችም ከዚህ ፈተና ነጻ አይደሉም፤ ፈሳሽ ክሪስታል ባይኖራቸውም፣ ብርሃኑ በስስ ንብርብሮች መካከል ስለሚንጸባረቅ በብዙዎቹ ላይ ነጩ ቀለም ከጎን ሲታይ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላል።