የልብ ህመም አለብዎት? ጥርስዎን ከማስነቀልዎ በፊት ይህን ያንብቡ

«ዶክተር፣ የልብ ህመምተኛ ነኝ፤ ጥርሴን ላስነቅል ነው። ቀድሜ መድኃኒት ልውሰድ ወይ?» ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ጥያቄ ነው። መልሴ፦ እንደ ልብ ህመምዎ ዓይነት ይለያያል።

👉 ለምን ያስፈልጋል?
ጥርስ ሲነቀል ወይም ድድ ሲደማ የአፍ ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነታችን ወዲያው ያጠፋዋል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ ግን ተጣብቆ ሊራባ ይችላል። ይህ ኢንፌክቲቭ ኢንዶካርዳይቲስ ይባላል፤ ብዙም የማያጋጥም ቢሆንም ገዳይ ነው።

👉 ለማን ይሰጣል?
✅ ቫልቩ በሰው ሠራሽ ለተቀየረ ወይም በሰው ሠራሽ ነገር ለተጠገነ
✅ ከዚህ በፊት ኢንዶካርዳይቲስ ለያዘው
✅ ሲወለድ ጀምሮ ባለ የልብ ችግር ከንፈሩና ጥፍሩ ለሚጠቁርና ላልታከመ (ከታከሙትም ለአንዳንዶቹ)

ደም ግፊት ብቻ ላለበት ወይም ስቴንት ለገባለት ሰው አያስፈልግም።

👉 የትኛው የጥርስ ህክምና?
ድድን የሚነካ ሁሉ፦ መንቀል፣ ጥርስ ማሳጠብ፣ የጥርስ ሥር ህክምና። ለራጅ ወይም የልጅ የወተት ጥርስ በራሱ ሲወልቅ አያስፈልግም።

👉 እንዴት ይወሰዳል?
ለአዋቂ የተለመደው አሞክሲሲሊን 2 ግራም፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ህክምናው ሊጀመር ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ለቀናት መዋጥ አያስፈልግም። ለልጆች መጠኑ በክብደታቸው ይሰላል። ፔኒሲሊን አለርጂ ካለብዎት አስቀድመው ይናገሩ፤ ሌላ ይታዘዛል።

⚠️ የወር መርፌ ለምትወጉ
በአገራችን ብዙ ወጣቶች በሩማቲክ የልብ ህመም ምክንያት በየወሩ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋሉ። «መርፌዬን ስለምወጋ ይበቃኛል» የሚሉ አሉ። አይበቃም! መርፌው የሚከላከለው የጉሮሮ ኢንፌክሽን ተመልሶ ልብን እንዳይጎዳ ነው። እንዲያውም ፔኒሲሊን የለመዱ የአፍ ባክቴሪያዎች አሞክሲሲሊንን ሊቋቋሙ ስለሚችሉ፣ መከላከያው ካስፈለገ ከሌላ ዓይነት መድኃኒት ይመረጣል። ቫልቫችሁ ካልተቀየረ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ የልብ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ዋርፋሪን የምትወስዱም በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል።

በመጨረሻም፣ ከአንድ ቀን እንክብል ይልቅ ልብን የሚጠብቀው የዕለት ተዕለት የአፍ ንጽህና ነው። በቀን 2 ጊዜ በብሩሽ ያጽዱ፣ በየጊዜው ይመርመሩ። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ደግሞ የመጀመሪያው ቃልዎ «የልብ ህመም አለብኝ» ይሁን።

የልብ ህመምተኛ ለምታውቁት ሰው አጋሩት። ጤና ይስጥልን!