የሕፃናት ስፍራ በማዕድ ዙሪያ

ታላላቆች እስኪመገቡ ሕፃናት ቆመው መጠበቃቸው በብዙ ቤቶች የቆየ ልማድ ነው። አክብሮትን ያስተምራል፤ ዳሩ ግን ልጅ ዘወትር የተረፈውን ብቻ የሚቀበል ከሆነ በገዛ ቤቱ ባዳነት ይሰማዋል።

የከተማችንን ስም በያዘው የደብረ ታቦር በዓል፣ በቡሄ፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ ሥርዓቱ ይለወጣል፤ ሕፃናት በየደጁ ሲጨፍሩ ታላላቆች ሙልሙል አዘጋጅተው ይጠብቋቸዋል። ይህ ደስታ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ለምን ይሆናል?

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ከመሶቡ አቅርቡ፤ አጉርሷቸው፤ የዋሉበትንም ጠይቋቸው። በዕረፍት ቀን ዳቦና ቆሎ ይዛችሁ በከተማው አቅራቢያ ወደሚገኘው ጋፋት ውሰዷቸው፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ በዚያ መሠራቱን አጫውቷቸው።

ለውይይት፦ በቤታችን ገበታ ሲቀርብ ሕፃናት የት ናቸው?