ቆጥ፦ ድንበር ላይ ለሚጠብቅ ዶሮ የሌሊት ማደሪያ

ከየገበያው የተሰበሰበ ዶሮ እንደ ሞያሌ ባለ የድንበር ከተማ መኪና ወይም የጤና ማስረጃ ሲጠብቅ ሁለት ሦስት ሌሊት ሊያድር ይችላል። የነጋዴው ትርፍ ከሚቀንስባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ማደሪያ ነው።

ሲመሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መስፈር የዶሮ ተፈጥሮ ነው። ቆጥ ያጣ ዶሮ ጥግ ይዞ ይደራረባል። ከሥር የቀረው ይታፈናል፤ የተረፈውም ኩስ ላይ ተኝቶ ላባው ይረጥባል፣ አሞኒያ ሲተነፍስ ያድራል። ጠዋት የሚገኘው ኪሳራ የሞተው ብቻ አይደለም፤ ገዢ ዋጋ የሚሰብርበት የደከመ ዶሮም አለ። ለአጣና የሚወጣውን ገንዘብ ቆጥቦ ዶሮ ማጣት የቆጡን አወርድ ብሎ የብብትን መጣል ነው።

ስንት ሜትር ያስፈልጋል?

ለአንድ ሴት ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ለትልቅ አውራ ዶሮ 25 ሳንቲ ሜትር ይያዝ። 60 ሴት ዶሮ ያለው ነጋዴ 60ን በ20 ሲያባዛ 1,200 ሳንቲ ሜትር ወይም 12 ሜትር ያገኛል። ይህም ባለ 3 ሜትር አጣና አራት ማለት ነው። የመጀመሪያው ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር፣ ሌሎቹ እርስ በርሳቸው 40 ሳንቲ ሜትር ይራቁ።

አሠራሩ

1. ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አጣና ይመረጥ። ቅርፊቱ ይላጥ፤ ቅንቅን የሚደበቀው እዚያ ሥር ነው። ብረት ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ እግርም ያንሸራትታል።

2. ከፍታው ከወለሉ ከ50 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከባድ የሥጋ ዶሮ ሲዘል እግሩን ስለሚጎዳ ከ30 ሳንቲ ሜትር አይለፍ።

3. ሁሉም አጣና እኩል ከፍታ ላይ ይዋል። አንዱ ከሌላው ከበለጠ ዶሮዎቹ ለላይኛው ይጣላሉ፤ ከታች ያሉት ላይም ኩስ ይወርድባቸዋል።

4. አጣናው እንዳይረግብ መሐሉ ላይ ድጋፍ ይደረግለት። በሚስማር ከመምታት ይልቅ ጎድጎድ ባለ እንጨት ላይ ቢቀመጥ ለማጠብ ይነሳል።

5. መኖና ውኃ ከቆጡ ሥር አይቀመጥ። ከሥሩ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ይጎዝጎዝ፤ የረጠበው በየጠዋቱ ይወገድ።

6. የአየር መውጫው ከዶሮዎቹ ራስ በላይ ይሁን እንጂ ነፋስ በቀጥታ አይምታቸው።

ቆጡ የሚናገረው

ሲመሽ ሁሉም ወጥቶ አንድ ዶሮ መሬት ላይ ከቀረ ይመርመር። ላባውን የነፋ፣ የሚያንኮራፋ ወይም አረንጓዴ የሚያስቀምጥ ከሆነ ወዲያው ይለይ፤ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ቆጥ ሳያውቅ ያደገ የእርባታ ዶሮ ግን ጤነኛም ሆኖ ላይወጣ ስለሚችል በዚህ ብቻ አይፈረድበት።

ቆጥ ፈንግልን አይከላከልም። በበሽታው የተያዘ ዶሮ ምልክት ሳያሳይ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከተለያየ ገበያ የመጣ ዶሮ አንድ ቆጥ ላይ አይቀላቀል፤ ክፍሉ ይለያይ።

ለጭነትም ቆጥ ይጠቅማል። ዶሮ በጨለማ ስለሚረጋጋ በደብዛዛ ባትሪ ሁለቱን ክንፎች ከገላው ጋር አቅፎ ማውረድ ይቻላል። ቀን እያባረሩ መያዝ ግን ክንፍና እግር ይሰብራል።

አንዱ ጭነት ሲወጣ

አጣናው ይነሳ፤ ኩሱ ተፍቆ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ በረኪና በተቀላቀለበት ውኃ ይለቅለቅ። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ያጣልና ቅደም ተከተሉ አይዛባ። በመጨረሻ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ቀይ ቅንቅን ቀን በስንጥቅ ተደብቆ ሌሊት ደም ይመጣል፤ ሳይመገብም ለወራት ይቆያል። በመሆኑም ባዶ የከረመ ማደሪያ ንጹሕ ነው ተብሎ አይታመን፤ አዲስ ዶሮ ከመግባቱ በፊት የአጣናው ስንጥቅና ጫፍ በፈላ ውኃ ይቃጠል።